የቮልስ ማርሽ አልገባ ሲል፦ ካምቢዮ ከማውረድ በፊት የሚደረግ ምርመራ

ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ አሽከርካሪ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ቁልቁለቱን ሲጀምር የሚተማመነው በፍሬኑ ብቻ አይደለም። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ መኪናውን ሞተሩ እንዲይዝለት ያደርጋል፤ ፍሬኑን ለኩርባው ይቆጥበዋል። መኪናው ዕድሜ የጠገበ ቮልስ ሆኖ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሲመልስ የማርሽ ዘንጉ መሃል ላይ ቢቀርበት ግን ሞተሩ ከጎማው ይለያያል፤ በፎሌ፣ ማለትም ምንም ማርሽ ሳይገባ፣ እየተንደረደረ፣ ፍሬን ብቻ ይዞ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ሜዳ ላይ የሚያናድድ ብቻ የሆነ ብልሽት እዚህ ቦታ የሕይወት ጉዳይ ነው። የሚያስቸግር ማርሽ "ቆይቶ ይሠራል" እየተባለ መታለፍ የለበትም የምለው ለዚህ ነው።

ሌላም የሚቆጨኝ ነገር አለ። ቮልስ ያለው ሰው "ማርሹ አልገባ አለኝ" ብሎ ጋራዥ ሲሄድ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ "ካምቢዮው ይውረድ" የሚል ነው። ቮልስ ላይ ካምቢዮውን፣ ማለትም የማርሽ ጥርሶቹን የያዘውን ሳጥን፣ ለማውረድ ደግሞ አስቀድሞ ሞተሩ መውረድ አለበት። የቀናት ሥራና ብዙ ወጪ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ጡረታ የወጡ አንድ መምህር የ1964 ዓ.ም. ቮልሳቸውን ይዘው ሄደው "ጋሼ፣ ካምቢዮው ሳይፈታ አይሆንም" ተባሉ። ተፈታ፤ ጥርሶቹ ደህና ነበሩ። ተገጠመ፤ ማርሹ እንደ በፊቱ አስቸገረ። በመጨረሻ የተገኘው ጥፋት የማርሽ ዘንጉ ሥር የምትቀመጥ፣ ተሰባብራ ሽርፍራፊዋ ብቻ የቀረ የፕላስቲክ ቦኮላ (ዘንግ የሚንሸራተትባት ቀለበት) ነበረች። እሷን ለመቀየር ሞተሩንም ካምቢዮውንም መንካት አያስፈልግም ነበር።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፦ ዘንጉን የያዘው ምንድን ነው? ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያላቅቀው ፍሪሲዮን ነው፣ ከዘንጉ እስከ ካምቢዮው የሚሄደው ማገናኛ ነው ወይስ ካምቢዮው ራሱ? ይህን ለመለየት ትዕግሥትና ጥቂት መፍቻ ይበቃል። ሳይለዩ መፍታት ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ከእጅ እስከ ጥርስ

ቮልስ ሞተሩም ካምቢዮውም ከኋላ ነው። እጃችን የሚይዘው የማርሽ ዘንግ ደግሞ ከፊት ወንበሮች መሃል ይቆማል። ሁለቱን የሚያገናኘው በወለሉ መሃል ባለው ጉብታ ውስጥ ተደብቆ የሚያልፍ ረጅም ብረት ነው፤ አገናኝ ዘንግ እንበለው። የማርሽ ዘንጉ የታችኛው ጫፍ ድቡልቡል ሆኖ አገናኝ ዘንጉ ላይ ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ይገባል። እጃችን ወደ ፊት ሲገፋ አገናኝ ዘንጉ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ወደ ጎን ስንገፋ ይሽከረከራል። ከፊት በኩል ከቦኮላ ጋር በማቀፊያ ተይዟል፤ ከኋላ ወንበር ሥር ደግሞ ጎማ ወይም ፕላስቲክ ባለው መጋጠሚያ ከካምቢዮው ከሚወጣው ምላስ ጋር ይያያዛል። ከእነዚህ አንዱ ሲደርቅ፣ ሲያልቅ ወይም ሲላላ እጃችን ያደረገው እንቅስቃሴ ካምቢዮው ጋር የሚደርሰው ጎድሎ ነው። ማርሹ ያለበት ቦታ የጠፋ ይመስላል።

ካምቢዮው ውስጥ ያለው ነገር የብዙ ሰው ግምት ከሚለው ትንሽ ይለያል። የወደፊት ማርሽ ጥርሶች ሁልጊዜ እንደተነካከሱ ናቸው። ማርሽ ስናስገባ የምናደርገው ከሚዞሩት ጥርሶች አንዱን በተንሸራታች ቀለበት ካምቢዮው ውስጥ ካለው ዘንግ ጋር መቆለፍ ነው። ችግሩ ሁለቱ የሚዞሩበት ፍጥነት የተለያየ መሆኑ ላይ ነው። ከሚሄድ ጋሪ ላይ ለመውጣት የሚፈልግ ልጅ መጀመሪያ ከጋሪው ጋር እኩል ይሮጣል፣ ከዚያ ይዘላል፤ ካምቢዮ ውስጥ ይህን እኩል የማድረግ ሥራ የሚሠራው ሲንክሮናይዘር የሚባለው ከናስ ቅይጥ የተሠራ ቀለበት ነው። ቀለበቱ በሰበቃ አንዱን ያዘገያል ወይም ያፈጥናል፤ ፍጥነታቸው ሲገጥም መንገዱን ይከፍታል። ገና ሳይገጥም ግን በሩን ዘግቶ ይይዛል። ማርሹ "እምቢ" ሲል የሚሰማን ያ መዘጋት ነው። ስለዚህ ቀለበቱ ሥራውን እየሠራ፣ ሌላው አካል ሥራውን ስላልሠራለት ብቻ ማርሽ ላይገባ ይችላል። ዋናው ሌላ አካል ደግሞ ፍሪሲዮን ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። እ.ኤ.አ. ከ1961 ሞዴል በፊት የተሠሩ ቮልሶች አንደኛ ማርሻቸው ሲንክሮናይዘር የለውም። እየሄዱ ወደ አንደኛ መመለስ ሲሞከር ቢያንኳኩ ብልሽት አይደለም፤ አንደኛ የሚገባው ቆመው ነው። ኋላ ማርሽም በሁሉም ሞዴል ላይ ሲንክሮናይዘር የለውም። ይህ ጉድለት ለምርመራችን ይጠቅማል።

ሞተር ጠፍቶ፣ ሞተር ተነስቶ

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ሞተሩን አጥፉ። ፍሪሲዮን ረግጣችሁ አራቱንም ማርሽና ኋላ ማርሹን ተራ በተራ አስገቡ። ኋላ ማርሽ ዘንጉን ወደ ታች ተጭኖ፣ ወደ ግራ ገፍቶ፣ ከዚያ ወደ ኋላ መሆኑን አትርሱ። ቆሞ ባለ መኪና ላይ አንዳንዴ ጥርስ ከጥርስ ፊት ለፊት ይገጥምና አንዱ ማርሽ አልገባም ይላል። የእጅ ፍሬኑን ለቅቃችሁ መኪናውን ትንሽ ገፋ አድርጋችሁ እንደገና ሞክሩ፤ ከገባ ብልሽት አይደለም።

ቀጥሎ ሞተሩን አስነሱና ያንኑ ድገሙ።

ሞተሩ ጠፍቶ ሁሉም በቀላሉ የሚገባ፣ ሲነሳ ግን አልገባ የሚል ከሆነ ካምቢዮውን ለጊዜው እርሱት፤ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ እየለቀቀ አይደለም። ሞተሩ ጠፍቶም ተነስቶም ዘንጉ ከባድ ከሆነ ወይም ማርሹን ፍለጋ እየተቅበዘበዘ ከሆነ ወደ ማገናኛው ሂዱ። ሦስቱ ማርሾች ደህና ሆነው አንዱ ብቻ፣ ያውም እየሄደ የሚያንኳኳ ከሆነ የዚያ ማርሽ ሲንክሮናይዘር ያለቀ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ብቻ አስቸግሮ ረፋድ ላይ የሚስተካከል ከሆነ ደግሞ ስለ ዘይት እናውራ፤ የደብረ ብርሃን ሰው ይህኛውን በደንብ ያውቀዋል።

ፍሪሲዮኑን የሚያረጋግጥ ተጨማሪ ሙከራ አለ። ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለል ረግጣችሁ ጥቂት ሴኮንዶች ቆዩ፤ ከዚያ ኋላ ማርሽ አስገቡ። ፍሪሲዮኑ በትክክል ከለቀቀ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካምቢዮው ውስጥ ያለው ዘንግ መዞሩን ያቆማል፤ ኋላ ማርሽም ያለ ድምፅ ይገባል። ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምፅ ከሰማችሁ ዘንጉ አሁንም እየዞረ ነው ማለት ነው። ሲንክሮናይዘር የሌለው ማርሽ ጥፋቱን የሚሸፍንበት ነገር ስለሌለው እውነቱን ይናገራል።

ፍሪሲዮኑ ካልለቀቀ

ከፔዳሉ ጀምሩ። ፔዳሉን በእጃችሁ ስትጫኑት መቃወም ከመጀመሩ በፊት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያህል በነፃ መሄድ አለበት። ከዚያ በላይ ከላላ እግራችሁ ወለል ሲነካም ፍሪሲዮኑ ገና አልለቀቀም። ማስተካከያው ከመኪናው ሥር፣ በካምቢዮው ግራ በኩል፣ ከፔዳሉ በሚመጣው የሽቦ ገመድ፣ በካቮው፣ ጫፍ ላይ ያለችው በእጅ የምትዞር ባለ ክንፍ ዳዶ ናት። መኪናውን በክሪክ ብቻ አንስታችሁ ሥሩ አትግቡ፤ ጠንካራ ድጋፍ አድርጉለት፣ ጎማዎቹንም በድንጋይ ያዙ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ነገር አለ። ማርሹ በደንብ እንዲገባ ብለው ካቮውን ወጥረው ነፃ እንቅስቃሴውን ጨርሶ ያጠፉታል። ለጊዜው ማርሹ ይስተካከላል። ነገር ግን ፍሪሲዮኑን እየገፋ የሚያስለቅቀው መግፊያ ኩሽኔታ ሁልጊዜ እንደተጫነ ይሠራል፣ ይግላል፣ ይበላል፤ የፍሪሲዮኑ ዲስክም መንሸራተት ይጀምራል። ከ10 ሚሊ ሜትር በታች አታውርዱት።

ዳዶዋን አስተካክላችሁ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ከላላ፣ ወይም ስታስተካክሉት ምንም ለውጥ ከሌለ፣ ካቮውን ራሱን ጠርጥሩ። ካቮ የሚበጣጠሰው አንድ በአንድ ነው፤ ሽቦዎቹ አንዳንዴ ፔዳሉ ጋ በሚያያዝበት ቦታ ተፈትለው ይገኛሉ። ካቮው ከወለሉ ወጥቶ ወደ ካምቢዮው ሲሄድ የሚያልፍበትን ተጣጣፊ ቱቦም ተመልከቱ። ይህ ቱቦ ቀጥ ብሎ መወጠር የለበትም፤ ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ታች ረገብ ማለት አለበት። ቀጥ ካለ ፍሪሲዮኑ እየተንቀጠቀጠ ይይዛል፤ ከመጠን በላይ ከታጠፈ ካቮው ይታሻል፣ ይከብዳል፣ ቶሎም ይበጠሳል። ልኩ የሚስተካከለው ቱቦው ጫፍ ላይ ሮንዴላ በመጨመር ወይም በመቀነስ ነው። በቀላል ዋጋ የሚሠራ ሆኖ ሳለ ብዙ መካኒክ ዞር ብሎ የማያየው ቦታ ነው።

ከዚህ የከፋው ካቮው በወለሉ ጉብታ ውስጥ የሚሄድበት የብረት ቱቦ ብየዳ ሲለቅ ነው። ፔዳሉን ስትረግጡ ጉብታው ውስጥ የሚነቃነቅ ነገር ይሰማል፤ ዳዶዋን እስከ መጨረሻ ብታጠብቁም ፍሪሲዮኑ አይለቅም፤ ካቮው የሚስበው ቱቦውንም ጭምር ነውና። ይህ የብየዳ ሥራ ነው። በዚያው ጉብታ ውስጥ የነዳጅ ቧንቧ እንደሚያልፍ ለበያጁ አስቀድማችሁ ንገሩት። ነዳጁ ሳይፈስስና መስመሩ ሳይጸዳ እሳት ወደዚያ መቅረብ የለበትም።

ለብዙ ጊዜ ቆሞ የነበረ መኪና ሌላ ጠባይ አለው። ክረምቱን ሙሉ ሳይነሳ ከቆመ ዲስኩ ከቮላኖው፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ ክብ ብረት፣ ጋር በዝገት ሊጣበቅ ይችላል። ፔዳሉ ደህና ነው፣ ካቮው ደህና ነው፣ ፍሪሲዮኑ ግን አይለቅም። አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩን አሙቆ፣ አጥፍቶ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮን እንደተረገጠ ሰፊና ባዶ ቦታ ላይ ማስነሳት ያላቅቀዋል። መኪናው ወዲያው ወደ ፊት ስለሚሄድ ከፊቱ ሰው፣ ግድግዳም ሆነ ገደል መኖር የለበትም።

አንድ ተደብቆ የሚቀር ምክንያትም አለ። የካምቢዮው ዘንግ ጫፍ ቮላኖውን በሚያስረው ትልቅ ብሎን ውስጥ ባለች ትንሽ ኩሽኔታ ይደገፋል። ይህች ኩሽኔታ ስትደርቅ ፍሪሲዮኑ ቢለቅም እንኳ ቮላኖው ዘንጉን በእሷ በኩል ይዞት ይዞራል። እሷን ለማየት ሞተሩ መውረድ ስላለበት የምትመረመረው ሌላው ሁሉ ደህና መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። በሌላ ምክንያት ሞተሩ በወረደ ቁጥር ግን ቅባት ይደረግላት።

ማገናኛው

ቦኮላዋ እዚህ ናት፤ የመምህሩ መኪና ጣጣም ከዚህ ነበር።

የማርሽ ዘንጉ ወለሉ ላይ በሁለት ብሎኖች ይታሰራል፤ 13 ቁልፍ ያወጣቸዋል። ከመፍታታችሁ በፊት የመቀመጫው ዙሪያ ላይ በምስማር ወይም በቀለም ምልክት አድርጉ። ከሥሩ የምትወጣው ሳህን ኋላ ማርሽ በስህተት እንዳይገባ የምትከለክል ናት። የትኛው ፊቷ ወደ ላይ፣ የትኛው ጎኗ ወደ ቀኝ እንደነበረ ፎቶ አንሱ። ተገልብጣ ብትገጠም ሁለተኛ ማርሽ ሲፈለግ ኋላ ማርሽ ሊመጣ ይችላል፤ ወይም ኋላ ማርሽ ጨርሶ አይገባም።

ዘንጉ ሲወጣ ጫፉ ላይ ያለውን ቅባት በጣታችሁ ነክታችሁ እዩት። ጤነኛ ግራሶ ይለሰልሳል፣ ጣት ላይ ይሳባል። የብዙ ዓመት ግራሶ ግን ከአቧራና ከብረት ብናኝ ጋር ተቦክቶ ይጠቁራል፤ በጣት ሲታሽ አሸዋ አሸዋ ይላል። ያ አሸዋ ድቡልቡሉን ጫፍና ጎድጓዳውን እየሞረደ ነው። በነጭ ጋዝ በተነከረ ጨርቅ እስኪያበራ ጥረጉት፤ ድቡልቡሉ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ሆኖ ከተበላ ዘንጉ መለወጥ አለበት፤ ደህና ከሆነ አዲስ ግራሶ ቀቡት። ሞላዋ ተሰብራ ወይም ረግባ እንደሆነም እዩ። አሮጌውን ግራሶ ሳይጠርጉ አዲስ መጨመር ቆሻሻውን ማባዛት ነው፤ ይህን አታድርጉ።

አሁን ባትሪ መብራት ይዛችሁ በቀዳዳው ወደ ጉብታው ውስጥ ተመልከቱ። አገናኝ ዘንጉን በጣታችሁ ይዛችሁ ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን ነቅንቁት። በማቀፊያው ውስጥ ጠበቅ ብሎ መንሸራተት እንጂ መንኳኳት የለበትም። ከተንኳኳ ቦኮላዋ አልቃለች። መኪናው ሲሄድ የማርሽ ዘንጉ የሚንጫጫ፣ በእጅ ሲያዝ ዝም የሚል ከሆነም ምልክቱ ይኸው ነው። አዲሷ ቦኮላ በዋጋ ርካሽ ናት፤ አስቸጋሪው መክተቱ ነው። አገናኝ ዘንጉ ከኋላ ተፈትቶ ከማቀፊያው እስኪወጣ መንሸራተት አለበት፤ ቦኮላዋ ቅባት ተቀብታ፣ ቀለበት ሽቦዋ በቦታዋ ሆና ትገፋለች። በትዕግሥት የሚሠራ ነው፤ በካቻቢቴ እየጎረጎሩ ከገፏት ሳትጀምር ትሰነጠቃለች።

ወደ ኋላ እንሂድ። የኋላውን ወንበር አንሱ። ባትሪው በቀኝ በኩል ከወንበሩ ሥር ስለሆነ አሉታዊውን ገመድ አስቀድማችሁ ፍቱ፤ ወንበሩን ስትመልሱትም ሞላው የባትሪውን ጫፍ እንዳይነካ መሸፈኛው መኖሩን አረጋግጡ። በዚህ ምክንያት የተቃጠለ ቮልስ ጥቂት አይደለም። በጉብታው ጫፍ ላይ በአንድ ብሎን የተያዘች ክዳን አለች። ስትከፍቷት መጋጠሚያው ይታያል። ረዳት ከፊት ሆኖ ማርሽ ሲቀያይር እናንተ መጋጠሚያውን ብቻ ተመልከቱ። የፊተኛው ብረት ተንቀሳቅሶ የኋለኛው ዘግይቶ የሚከተል ከሆነ መሃል ያለው ጎማ ወይም ፕላስቲክ አልቋል። ራሱ አራት ማዕዘን የሆነው ብሎን ላልቶ እንደሆነም እዩ። ይህ ብሎን ሹል ጫፉ የካምቢዮው ምላስ ላይ ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ነው የሚይዘው፤ ላልቶ ከጎድጓዳው ከወጣ ማርሽ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይጠፋል።

ቁርጡን የሚነግረው ሙከራ እዚሁ አለ። ማርሹ ፎሌ ላይ እያለ ያንን ብሎን ፈትታችሁ ማገናኛውን ከካምቢዮው አላቅቁ። ከዚያ ሁለት ነገር ሞክሩ። የማርሽ ዘንጉን ብቻውን አንቀሳቅሱ፤ አሁንም ከከበደ የያዘው ማገናኛው ውስጥ ነው፣ ካምቢዮው ነፃ ነው። ዘንጉ ቀልሎ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ የካምቢዮውን ምላስ በእጅ ይዛችሁ አሽከርክሩት፣ ግፉት፣ ሳቡት። ጤነኛ ካምቢዮ እያንዳንዱን ማርሽ ሲይዝ "ቀጭ" የሚል ስሜት በእጅ ይሰጣል። ምላሱ ራሱ ከተጣበቀ እንግዲህ ያን ጊዜ "ካምቢዮው ይውረድ" ማለት ተገቢ ነው። ከዚህ ሙከራ በፊት ግን ካምቢዮ እንዲፈታ የሚፈቅድ የመኪና ባለቤት መኖር የለበትም ብዬ አምናለሁ።

መልሳችሁ ስትገጥሙ ብሎኑ በጎድጓዳው መሃል መግባቱን አረጋግጡ፤ ከጠበቀ በኋላም እንዳይዞር በቀጭን ሽቦ እሰሩት። ፋብሪካው ያሰረው ያለ ምክንያት አይደለም። የማርሽ ዘንጉን መቀመጫ በምልክታችሁ ላይ አስቀምጡና ብሎኖቹ ጥብቅ ሳይሉ ሁሉንም ማርሽ ሞክሩ። አንዱ ወገን ጥልቅ ሆኖ ሌላው ጫፍ ጫፉን ብቻ ከያዘ መቀመጫውን ጥቂት ሚሊ ሜትር አንሸራትቱ። አራቱም እኩል ሲገቡና ኋላ ማርሽ ሳይጫኑ የማይገባ ሲሆን አጥብቁ።

ማገናኛው አዲስ ሆኖም ነዳጅ ሲሰጥ ወይም ሲለቀቅ ማርሹ የሚወጣ ከሆነ ካምቢዮውን የተሸከሙትን ጎማዎች እዩ። ካምቢዮው ራሱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወረወረ ማገናኛውን ሊገፋው ይችላል።

ውርጭና ዘይት

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ደጅ ያደረ መኪና ጠዋት መስታወቱ ነጭ ሆኖ ይገኛል። በዚያ ቅዝቃዜ የካምቢዮ ዘይት ይወፍራል። የወፈረ ዘይት በሁለት መንገድ ያስቸግራል፦ የሚዞሩትን ጥርሶች ይዞ ፍጥነታቸው እንዳይገጥም ያዘገያል፤ ሲንክሮናይዘሩም ዘይቱን ቆርጦ ወደ ብረቱ መድረስ ያቅተዋል። መኪናው ጥቂት ሲሄድ ዘይቱ ይሞቃል፣ ማርሹም ይለሰልሳል።

ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሙቀቷ ይታወቃል። ከመቶ ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ አንድ ዘይት ሁለቱንም አየር ማስተናገድ አለበት። ስለዚህ ለአካባቢያችን የምመርጠው 80 ደብልዩ 90 የሚባለውን ነው፤ ሲቀዘቅዝ ከተራው 90 ቁጥር ዘይት ይልቅ ይቀጥናል፣ ሲሞቅ ግን እንደ 90 ሆኖ ጥርሱን ይሸፍናል። ቆርቆሮው ላይ ጂ ኤል 4 የሚል የዘይት ደረጃ መኖሩን አንብቡ። ሻጩ "ጂ ኤል 5 ይበልጣል" ቢላችሁ ቁጥሩ መብለጡ እውነት ነው፤ ነገር ግን የተሠራው ለዲፈረንሻል ዓይነት ከባድ ጭነት ነው። በውስጡ ያለው ቅመም በብዛት ስለሚያንሸራትት ሲንክሮናይዘሩ የሚፈልገውን ሰበቃ ይነፍገዋል፤ አንዳንዶቹም ናስን ይበላሉ።

ዘይት ስትቀይሩ መጀመሪያ የምትፈቱት የመሙያውን ቡሽ ነው፤ በካምቢዮው ግራ ጎን፣ 17 ቁጥር ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ይፈታዋል። ማፍሰሻውን ቀድማችሁ ከፈታችሁና መሙያው በዝገት አልፈታ ካለ መኪናው ያለ ዘይት ይቆማል። የሚይዘው 2.5 ሊትር ያህል ነው። ቀስ እያላችሁ ሙሉ፤ ቶሎ ከፈሰሰ ገና ሳይሞላ በቀዳዳው ይመለስና የሞላ ያስመስላል። ጥቂት ጠብቃችሁ እንደገና ጨምሩ።

የወጣውን ዘይት ሳትመለከቱ አትድፉ። ማፍሰሻው ላይ ባለው ማግኔት የሚጣበቅ ግራጫ ለስላሳ ጭቃ የዕድሜ ነው፣ አያስፈራም። በዘይቱ ውስጥ ቢጫ ብልጭልጭ ካያችሁ የሲንክሮናይዘር ቀለበት እየተበላ ነው። በጣት ሲያዝ የሚዋጋ የብረት ስባሪ ከወጣ ጥርስ ተሰብሯል፤ መኪናው ከዚያ በኋላ መነዳት የለበትም።

እስኪሠራ ድረስ

የተበላሸ ማርሽ ይዞ ጣርማ በርን መውረድ አልመክርም። ግድ ከሆነ ግን ከዋሻው በፊት፣ ሜዳ ቦታ ላይ ቆማችሁ ሁለተኛ አስገቡና በዚያው ማርሽ ውረዱ፤ ቁልቁለት ላይ ለመቀየር አትሞክሩ። ሲንክሮናይዘሩ ያለቀ ማርሽ ወደ ታች መመለስ ካስፈለገ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ወደ ፎሌ አውጡ፣ ፍሪሲዮኑን ልቀቁ፣ ነዳጅ ሰጥታችሁ ሞተሩን ከፍ አድርጉ፣ እንደገና ረግጣችሁ አስገቡ። የቀለበቱን ሥራ በእግር መሥራት ማለት ነው። ሜዳ ላይ ሳይለማመዱት መንገድ ላይ አይጀመርም።

ቮልስ ያልሆነ አሮጌ መኪና ያላችሁም ያንኑ ቅደም ተከተል መከተል ትችላላችሁ፤ የሚለየው አካሉ ነው። ፔጆ 404 ላይ የማርሽ ዘንጉ መሪው ሥር ስለሆነ ማገናኛው ብዙ መጋጠሚያ አለው፤ እያንዳንዱ ጥቂት ሲላላ ድምሩ ብዙ ይሆናል። በእሱም ሆነ በአብዛኛው አሮጌ ላንድ ሮቨር ፍሪሲዮኑ የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። ስለዚህ ካቮ ሳይሆን የዘይት ማጠራቀሚያውን፣ የሚያንጠባጥብ ቦታንና መስመሩ ውስጥ የገባ አየርን ታያላችሁ። ፔዳሉን ደጋግሞ ሲረግጡት ማርሹ የሚገባ ከሆነ አየር አለበት።

ካምቢዮው በእርግጥ ከተበላሸ

ሁሉም ሙከራ ወደ ካምቢዮው ካመለከተ ይውረድ። ሥራውን ግን ካምቢዮ ፈትቶ ልኩን በመሣሪያ እየለካ ለሚገጥም ሰው ስጡ። የቮልስ ካምቢዮ ውስጥ ያሉት፣ ተንሸራታቹን ቀለበት የሚገፉት ሹካዎች በብሎን ብቻ ተይዘው በልክ የሚስተካከሉ ናቸው፤ በግምት ከታሰሩ አዲስ ቀለበት ገብቶም ማርሽ ይወጣል።

ከመስማማታችሁ በፊት ከመካኒኩ ጋር የምትነጋገሩት ዝርዝር አለ። ሞተሩ ከወረደ አይቀር ዲስኩ፣ መግፊያ ኩሽኔታው፣ የቮላኖው ትንሿ ኩሽኔታና በካምቢዮው ዘንግ ላይ ያለው የዘይት መያዣ ጎማ አብረው ይታዩ፤ ያለቀው ይቀየር። የሞተሩም የኋላ ዘይት መያዣ እንዲሁ። እነዚህ ለየብቻቸው ቢበላሹ እያንዳንዳቸው ሞተር የሚያስወርዱ ናቸው። የወጡት አሮጌ ዕቃዎች እንዲሰጧችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የሲንክሮናይዘሩን ቀለበት ተቀብላችሁ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡና በውስጥ ገጹ ላይ ያሉትን ቀጫጭን መስመሮች ተመልከቱ፤ ባለቀው ላይ መስመሮቹ ጠፍተው ገጹ ለስልሶ ታገኙታላችሁ። መስመሮቹ እንዳሉ ከሆነ ግን ሒሳቡን ከመክፈላችሁ በፊት ለምን እንደተቀየረ ያስረዷችሁ።